ለክረምት ጽሞና ምን ላይ ይቀመጡ? ከሐዋሳ ገበያ የሚገኙ መቀመጫዎች ሲመዘኑ

ሐምሌ ሲገባ ሐዋሳ ላይ «ዘንድሮስ ሜዲቴሽን እጀምራለሁ» የሚል ሰው ይበዛል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ባጃጁም ጭቃ ፈርቶ ውስጥ ለውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩ ላይ አፕ መጫን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሲያቆም ግን ጥፋቱ የአፑ አይደለም። ጉልበቱን ያመዋል፣ እግሩ ይደነዝዛል፣ የሲሚንቶው ወለል ብርድ ወገቡ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ግምገማችን የሚጀምረው ከመቀመጫው ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ፍራሽ አዳሽ ዘንድ የሚታዘዝ ክብ የጥጥ መቀመጫ አንደኛ ነው። በጋቢ የተስተካከለ ወንበር ሁለተኛ ይወጣል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን እሱ አንደኛ ነው። በርጩማ ሦስተኛ፣ የስፖንጅ ትራስ መጨረሻ። አፑ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ነገሩ በከተማችን ብዙ ስም አለው። ፕሮቴስታንቱ «የጽሞና ጊዜ» ይለዋል፤ ኦርቶዶክሱ አርምሞ፣ ፍልሰታ ሲደርስ ደግሞ ሱባኤ፤ ወጣቱ ሜዲቴሽን። አንድ አይደሉም። አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ቃል ያሰላስላል፣ አንዱ ትንፋሹን ይከታተላል። ለወገብና ለጉልበት ግን ልዩነት የላቸውም።

ከውጭ የሚመጣው «ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው» የሚለው ምክር የተጻፈው ለሌላ ክረምት መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ለንደን ላይ በታኅሣሥ ቀኑ 8 ሰዓት አይሞላም፤ ሰው የሚያርፈው ጨለማው ስለሚያስገድደው ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ናት፤ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። እንዲያውም በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው፤ ያ ደግሞ ቀኑ ከሚረዝምበት ሰሞን ነው። ስለዚህ የፀሐይ ብርሃንን የሚተካ መብራት ግዙ የሚለው ምክር እኛን አይመለከትም። ብርዱም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም፤ ሐዋሳ ላይ ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዘው ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ችግር እርጥበት ነው። ዕቃዎቹንም የመዘንነው በዚህ ነው፤ እርጥበት ይችላል ወይስ አይችልም?

አንደኛ ወዳልነው እንሂድ። ክብ የጥጥ መቀመጫ ተሠርቶ የሚሸጥበት ሱቅ ከመፈለግ ማሠራት ይቀላል። ሁለት ባለሙያ ይፈልጋል፤ ልብስ ሰፊና ፍራሽ አዳሽ። ለሰፊው የሚሰጠው ልክ ይህ ነው። ስፋታቸው ከዳር እስከ ዳር 33 ሳንቲም የሆኑ ሁለት ክብ ጨርቆች፣ ወርዱ 18 ቁመቱ 107 ሳንቲም የሆነ አንድ መቀነት። በየጠርዙ አንድ ሳንቲም ተኩል ለስፌት ይሄዳል፤ ሲያልቅ 30 ሳንቲም ስፋትና 15 ሳንቲም ከፍታ ያለው ከበሮ መሳይ ነገር ይወጣል። የክቡ ዙሪያ 94 ሳንቲም ነው፤ የመቀነቱ ትርፍ ጫፎቹ 10 ሳንቲም ያህል እንዲደራረቡ ነው። የተደራረበውን ቦታ አይስፉት፤ እንደ ኪስ አፍ ክፍት ይቅር፤ ጥጡ የሚገባውም ኋላ የሚጨመረውም በዚያ ነው። ሰፊው ትርፉን «ብክነት ነው» ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። እንዳይቆርጠው አስቀድሞ መንገር ነው።

ጨርቁ ከውስጥ አቡጀዴ፣ ከላይ ካኪ ወይም ያረጀ ጅንስ ቢሆን ጥሩ ነው። ላዩ ዚፕ ኖሮት የሚወልቅ ይሁን፤ በክረምት ላይኛውን ብቻ ማጠብ ይቻላል፣ ጥጡ ያለበት ግን ውሃ ከነካው ላይደርቅ ይችላል። የሚያብረቀርቅ የሶፋ ጨርቅ አይሁን፤ ያንሸራትታል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰውነት ሳያስቡት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወገብም ይጎብጣል።

አሁን ጥጡ። ወደ 2 ኪሎ ይፈጃል። ለዚህ መጠን ብዙ ይመስላል፤ ፍራሽ አዳሹም «በግማሹ ይሞላል» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ ይሞላል፤ ነገር ግን ለመተኛ የሚሆን ልስላሴ ነው የሚወጣው። ሲያዝዙ እንዲህ ይበሉ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ለመተኛ አይደለም፣ ለመቀመጫ ነው፤ በደንብ ይጠቅጥቁልኝ።» ጥሩ ባለሙያ ጥጡን በደጋን ነድፎ፣ እንክብሉን ፈትቶ፣ በእጁ እየጠቀለለ ከዳር ወደ መሃል ያስገባል። ሰነፉ እንደመጣ ይጎስራል፤ ያ መቀመጫ በሳምንቱ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ጎኑም እንደ ድንች ከረጢት ይጎረብጣል። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። በቡጢ መሃሉን ሲጫኑት ሁለት ሦስት ሳንቲም ብቻ ወርዶ መቆም አለበት፤ ጣቶችዎ የታችኛውን ጨርቅ ከነኩ ገና አልጠገበም። ትርፍ ሩብ ኪሎ ያህል የተነደፈ ጥጥ በፌስታል ተቀብለው ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ወር ጥጡ እየተጫነ ስለሚወርድ መጨመር ያስፈልጋል።

ከፍታው ለምን 15 ሳንቲም? ዳሌ ከጉልበት ከፍ ሲል ወገብ በተፈጥሮ ቅርጹ ይቆማል፤ ጀርባን ለማቅናት ጡንቻ አይደክምም። ዳሌና ጉልበት እኩል ሲሆኑ ወይም ዳሌ ዝቅ ሲል ወገብ ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ ትከሻ ይወድቃል፣ ትንፋሽም ያጥራል። ልኩ ትክክል መሆኑን የሚያሳየው ጉልበት ነው። ሁለቱም ጉልበቶች ምንጣፉን መንካት አለባቸው። አንዱ አየር ላይ ከተንሳፈፈ በዚያው በኩል የተጠቀለለ ነጠላ ከስር ማስገባት፤ ሁለቱም ከተንሳፈፉ ከመቀመጫው ስር የታጠፈ ብርድ ልብስ ጨምሮ ከፍ ማለት። እግር እንዲነካ ጉልበትን በእጅ መጫን ግን ጅማት ማስቀየም ነው።

መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ መዘርፈጥ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። የፊተኛው ሲሶ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጡት። መሃሉ ላይ ከተቀመጡ ጠርዙ ጭንን ከስር ይጫናል፤ እግር የሚደነዝዘው በአብዛኛው ነርቭ ስለሚጫን ነው፤ ሰው እንደሚያስበው ደም ስለቆመ አይደለም። የደነዘዘ እግር ላይ ዘሎ መነሳት ቁርጭምጭሚት ያስጠመዝዛል፤ መጀመሪያ እግሩን ዘርግቶ ጣቶቹ እስኪሰሙ መጠበቅ ነው። እግር ማጠፍ የማይሆንለት ሰው መቀመጫውን በጎኑ አቁሞ በሁለት እግሩ መሃል አድርጎ መንበርከክ ይችላል። ለስግደት የለመደ ጉልበት ይህን አቀማመጥ ቶሎ ይቀበለዋል።

የስፖንጅ ትራስን መጨረሻ ያደረግነው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ጠንካራ ይመስላል፤ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ግን 12 ሳንቲሙ 4 ይሆናል። ከፍታው ጠፋ ማለት ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት ነው። አንድ መልካም ነገር አለው፣ እርጥበት አይፈራም፤ ለጉልበት መደገፊያ ያገለግላል። ጭድ ወይም የእህል ገለባ ሞልቶ መቀመጥም የሚሞክሩ አሉ። በበጋ ይሞከር፤ በክረምት እርጥበት ስቦ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል።

በርጩማ በየቤቱ ስላለ ብዙ ሰው ከሱ ይጀምራል። ችግሩ ለቡና የተሠራ መሆኑ ነው። ላዩ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ስለሚል ዳሌ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ለጨዋታ ጎንበስ ብሎ መቀመጥ ጥሩ ነው፣ ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ግን አይመችም። ጎድጓዳውን በታጠፈ ጨርቅ ሞልቶ፣ እግርን ከፍቶ፣ ጉልበትን ከዳሌ ዝቅ ለማድረግ መሞከር ይቻላል። አጭር ሰው ይሳካለታል። ረጅም ሰው ጉልበቱ ደረቱ ጋ ስለሚደርስ ይተወው።

ዕድሜው ለገፋ ወይም ጉልበቱ ለታመመ ወንበር ይሻላል፣ ማፈርም የለም። የተለመደው ፕላስቲክ ወንበር ግን መቀመጫው ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ተደግፈው ሻይ እንዲጠጡበት ታስቦ ነው የተሠራው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጋቢን አጥፎ ከመቀመጫው የኋላ ጠርዝ ላይ ብቻ ማድረግ፣ ወይም ከሁለቱ የኋላ እግሮች ስር 3 ሳንቲም ውፍረት ያለው ጣውላ ማስገባት። መደገፊያውን አይደገፉ። እግር መሬት ሙሉ በሙሉ ይርገጥ፤ ካልደረሰ ከስር ሣጥን ወይም ድርብ ጡብ። ካልሲ ሳያደርጉ የሲሚንቶ ወለል ላይ እግር ማሳረፍ በክረምት አይመከርም፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሐሳብ ሁሉ ወደ ጣት ይሄዳል።

ከስር የሚነጠፈው ነገር ከሚለበሰው ይበልጣል። ጅባ ወይም ሰሌን ለብቻው ብርድ አያግድም፤ ከስሩ የተከፈተ ካርቶን በሁለት ድርብ ቢነጠፍ ለውጡ ወዲያው ይሰማል። ካርቶኑ በየሁለት ሳምንቱ ይቀየር፣ ከወለሉ እርጥበት ይጠጣል። ላዩ ላይ ጋቢ መልበስ ሁሉም ያውቃል፣ ግን አለባበሱ ይለያል። አራት ድርብ የሆነ ጋቢ ትከሻ ላይ ብቻ ሲጣል ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ከወገብ ጀምሮ ጠቅልሎ ጉልበት ላይ ማገናኘት፣ ከዚያ ጫፉን ትከሻ ላይ ማምጣት ይሻላል። ሲቀመጡ ያልተሰማ ብርድ አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ይመጣል፤ የማይንቀሳቀስ ሰውነት ብዙ ሙቀት አያመነጭምና። አስቀድሞ መልበስ እንጂ ሲበርድ መፈለግ አይደለም። የታጠበ ጋቢ ነሐሴ ላይ ሦስት ቀንም ላይደርቅ ስለሚችል ተለዋጭ ቢኖር ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ላይ ቆም እንበል፤ ከሰል። ዝናብ ሲጥል በር ዘግቶ፣ የከሰል ማንደጃ አስገብቶ፣ ዕጣን ጣል አድርጎ መቀመጥ የሚስብ ሐሳብ ነው። አደገኛም ነው። ጢሱ ያለቀለት፣ ቀይ ሆኖ የጋመ ከሰል እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ የዕጣኑም ሽታ «አየሩ ጥሩ ነው» የሚል ስሜት ይሰጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ድብታ፣ ማቅለሽለሽ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጀማሪ ድብታውን «ተመስጦ ገባሁ» ብሎ መተርጎሙ ነው። ቁጭ ብሎ የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ ተነስቶ በር አይከፍትም። ዕጣን ከፈለጉ ማንደጃው በረንዳ ላይ ይሁን፣ ወይም ከመቀመጥዎ በፊት አጭሰው፣ ማንደጃውን አውጥተው፣ መስኮት ይክፈቱ። በዚህ ላይ መካከለኛ መንገድ የለም።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ከታወቁት የሜዲቴሽን አፖች ሄድስፔስ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ካልም ደግሞ በ2012 የተመሠረቱ ናቸው፤ ሁለቱም ድምፅ እየመራ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ብዙው ነገራቸው በክፍያ ነው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሬ የሚከፈል ካርድ ይፈልጋል። ኢንሳይት ታይመር የተባለው አፕ ነጻ የሰዓት መቁጠሪያና የደወል ድምፆች ስላሉት ለጀማሪ እሱ ይበቃል። እውነቱን ለመናገር ስልኩ ራሱ ያለው መቁጠሪያም ይበቃል። እዚህ ግን ሐዋሳ የራሷ ፈተና አላት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ። ዝናቡ ሲወርድ፣ በተለይ ኮርኒስ በሌለው ቤት፣ የሚመራ ድምፅ ከንቱ ነው፣ ለስላሳው ደወል ጨርሶ አይሰማም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ድምፁን ከዝናቡ በላይ መጨመር ደግሞ ዕረፍቱን ሁሉ ያጠፋዋል። የሚሠራው ይህ ነው፦ ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ፣ የሰዓት መቁጠሪያውን በንዝረት ብቻ አድርጎ፣ ከጋቢው ስር ጭን ላይ ማስቀመጥ። ከዚያ ዝናቡን መታገል ሳይሆን እሱኑ ማዳመጥ። የቆርቆሮ ዝናብ አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ከአሸንዳው የሚፈሰው አንድ ድምፅ ነው፣ መሃል ጣሪያው ላይ የሚያርፈው ሌላ፣ ከዛፍ ቅጠል የሚንጠባጠበው ዘግይቶ የሚመጣ ሦስተኛ። ትንፋሽ መከታተል የሚያስጨንቀው ጀማሪ ከዚህ ቢጀምር ይቀለዋል።

ከቤት ውጭ ለሚሉ፣ የሐይቁ ዳር መንገድ አለ፣ ጊዜ መምረጥ ግን ይፈልጋል። ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ውሃው ገና ነፋስ አልነካውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ሞገዱም ዳር ይመታል። ከንጋት በፊትና ከመሸ በኋላ ሣር ውስጥ መቀመጥ አይገባም፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው፣ የወባ ትንኝም ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትነድፈው። እግርን ውሃ ውስጥ ነክሮ መቀመጥ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ እንዳለ በጥናት የታወቀ ስለሆነ ይቅር። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ አባ ኮዳዎቹን ለማየት ደስ ይላል፤ ዓሣ ሲራገፍ ግን ጸጥታ አይፈለግበትም። ታቦር ተራራ በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፤ ለመስከረም ይቆይ።

ዕቃው ከተሟላ ምን ያህል ይቀመጡ? አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው የሜዲቴሽን ሥልጠና 8 ሳምንት ነው፣ ማለትም 56 ቀን። ሐምሌና ነሐሴ ሲደመሩ 60 ቀን ናቸው፤ ልኩ የተሰፋልን ይመስላል። የዚያ ሥልጠና የቤት ሥራ ግን በቀን 45 ደቂቃ ነው፤ ብቻውን ለሚጀምር ሰው ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 5 ደቂቃ፣ በሚቀጥሉት ሁለት 10፣ ከዚያ 15፣ መጨረሻ ላይ 20 ይበቃል። አሠራሩ፦ አየር ሲወጣ አንድ፣ እንደገና ሲወጣ ሁለት፣ እስከ አሥር፤ ከዚያ ከአንድ። ቁጥሩ ከጠፋ ወይም 17 ላይ ራስዎን ካገኙት ያለ ወቀሳ ወደ አንድ። ትንፋሹን አያስረዝሙ። «ጥልቅ ትንፋሽ» ብሎ መሳብ መግፋት የሚያዞረውና ጣት የሚያደነዝዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ስለሚቀንስ ነው፤ ተመስጦ አይደለም።

እንቅልፍ ትልቁ ጠላት ነው፣ በተለይ ከምሳ በኋላ ዝናብ እየዘነበ። ሽሮ በልቶ ወዲያው ከመቀመጥ ሁለት ሰዓት ይቆዩ፤ ዓይንን ግማሽ ከፍቶ ወለሉ ላይ፣ አንድ ሜትር ያህል ፊት ለፊት ማሳረፍም ይረዳል። ቡና የሚጠጣ ሰው ከመጀመሪያው ጀበና በፊት ይቀመጥ፤ ከጠጡ በኋላ የልብ ምት ራሱ ሐሳብ ይሆናል። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ ቀትር ላይ ረሃብና ድካም ስለሚደራረቡ። ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ ትዝታ ወይም ፍርሃት የሚቀሰቅስበት ሰው ካለ አይታገል፤ ያቁም፣ ተነስቶ በረንዳው ላይ ይራመድ፤ ከቀጠለበት ሐኪም ያማክር።

መቀመጫው በክረምቱ ውስጥ ወለል ላይ አይደር። ሲነሱ ግድግዳ ሳይነካ በጎኑ ይቁም ወይም ምስማር ላይ ይሰቀል፤ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ይውጣ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየበት ሻጋታ ነው፤ ላዩን ማጠብ አይበቃም፣ ጥጡ ወጥቶ መሰጣት አለበት። መስከረም ጠብቶ ፀሐዩ ሲበረታ ፍራሽ አዳሹን መልሰው ይጥሩና ጥጡ እንደገና ይነደፍ፤ በፌስታል ካስቀመጡት የተረፈ ካለም ያኔ ይጨምሩበት።